የከረሜላ ማሽን ውስጥ ምን ልሙላ? ሞልቼ፣ ደፍቼና ቆጥሬ የደረስኩበት

ሳንቲም አስገብተው እጀታውን ሲያዞሩት ጥቂት ከረሜላ መዳፍ ላይ የሚያፈሰውን ማሽን ሁሉም ያውቀዋል። ኤሌክትሪክ አይፈልግም። ከላይ ውስጡን የሚያሳይ ቋት፣ ከቋቱ ሥር የሚሽከረከር መስፈሪያ፣ ፊት ለፊት የሳንቲም መቀበያና እጀታ፣ ከታች ክዳን ያለው መውረጃ፤ በቃ ይኸው ነው። ሰባት ዓመት ሙሉ እነዚህን ማሽኖች ሞልቻለሁ፣ አጥቤአለሁ፣ ሳንቲማቸውን ቆጥሬአለሁ። አዲስ ጀማሪዎች ሲያገኙኝ የሚጠይቁኝ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፤ «ምን ልሙላበት?» ይህን የምጽፈው ጥያቄውን አንዴ በደንብ ልመልሰው ብዬ ነው። እኔ ስጀምር የሚመልስልኝ ሰው አላገኘሁም።

መልሱን አስቀድሜ ልናገር። የሚጣፍጥ ከረሜላ ፍለጋ አትድከሙ፤ የሚጣፍጥ ሞልቷል። የምትፈልጉት በስድሳኛው ቀንም እንደ መጀመሪያው ቀን ሆኖ የሚወርደውን ነው። መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ከረሜላ ማሸጊያው ይጠብቀዋል። ማሽን ውስጥ የገባ ግን ራቁቱን ነው። ብርሃኑም፣ ሙቀቱም፣ የአየሩ እርጥበትም በቀጥታ ያገኘዋል። ይህ እስኪገባኝ ድረስ ብዙ ከረሜላ ደፍቻለሁ።

የመጀመሪያ ማሽኔን ያቆምኩት አንድ የሴቶች ፀጉር ቤት ውስጥ፣ ከመስኮቱ አጠገብ ነበር። ቦታውን የመረጥኩት ራሴ ነኝ፤ መንገደኛው በመስታወቱ ያየዋል ብዬ። የሞላሁት በስኳር ቅርፊት የተሸፈነ ቸኮሌት ነበር። ቅርፊት ስላለው ምንም አይሆንም የሚል እምነት ነበረኝ። ሦስት ሳምንት ያህል ደህና ሄደ። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት የፀጉር ቤቱ ባለቤት ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ ማሽንህ ሳንቲም ይቀበላል እንጂ የሚሰጠው ነገር የለም። ደንበኞቼ ደግሞ ፊታቸውን የሚያዞሩት ወደኔ ነው።»

ሄጄ በውጭ ሳየው ምንም አልሆነም። ቀዩም፣ ቢጫውም፣ ሰማያዊውም እንዳለ ያብረቀርቃል። ክዳኑን ከፍቼ እጄን ስሰድ ግን የሚንቀሳቀሰው ላይ ላዩ ብቻ ነው፤ ከሥር ያለው ተያይዞ እንደ ጡብ ሆኗል። ቅርፊቶቹ ተሰነጣጥቀው የወጣው ቸኮሌት መስፈሪያው ክፍሎች ውስጥ ገብቶ ረግቷል። ትርፉን ከላይ የሚጠርገው ብሩሽ ፀጉሩ እርስ በርሱ ተጣብቆ ደንድኗል። እጀታውን በሁለት እጄ ብታገለውም አልዞር አለ። ያን ቀን ማታ ቤቴ ወስጄ ፈታታሁት። ብረቱን ሙቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌ፣ ብሩሹን በጥርስ ብሩሽ፣ ጥጋጥጉን በስንጥር ሳጸዳ እኩለ ሌሊት ሆነ። በማግስቱ ሳንቲማቸው ለተበላባቸው ደንበኞች የሚመለስ ለእትዬ ሰጥቼ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ማሽኑ እንዳይወጣ ስለፈቀዱልኝ እስከ ዛሬ አመሰግናቸዋለሁ።

ነገሩ ቀላል ነው። የካካዎ ቅቤ 34 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ይቀልጣል፤ ቸኮሌት አፍ ውስጥ እንደገባ የሚሟሟው ለዚህ ነው። መለስለስ የሚጀምረው ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። ክፍሉ ቀዝቃዛ ቢሆንም ፀሐይ የምትመታው ቋት ውስጡ ከክፍሉ ይበልጥ ይሞቃል። ለስልሶ እንደገና ሲረጋ ደግሞ ቅቤው ወደ ውጭ ወጥቶ በተሰነጠቀው በኩል ነጣ ያለ አቧራ መሳይ ነገር ይታያል። ሻጋታ አይደለም፣ የበላውንም አይጎዳም። ደንበኛው ግን ይህን ሊመረምር አይቆምም፤ «ሻግቷል» ብሎ ይሄዳል፣ ለሌላውም ይነግራል።

ቸኮሌት አትንኩ ማለቴ አይደለም። ጥላ ባለበትና ዓመቱን ሙሉ ቀዝቀዝ በሚል ቤት ውስጥ ከሱ በላይ የሚሸጥልኝ የለም። ኤም ኤንድ ኤምስ የሚባለው ባለ ቅርፊት ቸኮሌት እ.ኤ.አ. በ1941 ሲወጣ ቅርፊቱ የታሰበለት ቸኮሌቱ እጅ ላይ እንዳይቀልጥ ነበር። እጅ ላይ የሚቆየው ግን ለደቂቃ ነው። ለሳምንታት ሙቀት ውስጥ የሚቀመጥ ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው። አሁን ለአንድ ቦታ ቸኮሌት ከመፍቀዴ በፊት ትንሽ ቴርሞሜትር ማሽኑ በሚቆምበት ቦታ ላይ ከጠዋት እስከ ማታ አስቀምጣለሁ። ከቀትር በኋላ 25 ዲግሪ ካለፈ ቸኮሌት እዚያ አይገባም። ይህ ቁጥር የኔው ነው፤ ጠበቅ ያለ መሆኑንም አውቃለሁ። ግን ካወጣሁት ወዲህ መስፈሪያ ፈትቼ ቸኮሌት አልፋቅሁም።

ለሞቃት ቦታ የማምነው ስኪትልስን ነው። የካካዎ ቅቤ የለበትም፤ ሲታኘክ የሚለጠጥ ስኳራማ ነገር ላይ ጠንካራ ቅርፊት ያለው ነው። ለስላሳ ክብ ስለሆነም መስፈሪያው ውስጥ ሳይንገራገጭ ይወርዳል። የሱም ጠላት እርጥበት ነው። ስኳር ከአየር ውሃ ይስባል፤ ቅርፊቱ ሲያላብ ፍሬዎቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ይያያዛሉ። በተለይ እንፋሎት ያለበት ቦታ፣ ልብስ ማጠቢያ ቤት ወይም ወጥ ቤት አጠገብ፣ ይህ በፍጥነት ይመጣል። እኔ የምፈትነው ከቋቱ አንድ ጭብጥ ወስጄ ጨብጬ እስከ ስልሳ በመቁጠር ነው። እጄን ስዘረጋ ቀለም ከለቀቀብኝ ወይም ፍሬዎቹ ተያይዘው ከቀሩ፣ እዚያ ቦታ የምሞላውን መጠን በግማሽ እቀንሳለሁ።

ማይክ ኤንድ አይክና ሆት ታማሌስ የሚባሉት ከረሜላዎችም ከዚሁ ወገን ናቸው፤ ሙቀቱን ይችላሉ፣ እርጥበቱ ያሸንፋቸዋል። ራንትስ የሚባለው የፍራፍሬ ቅርጽ ያለው ደረቅ ከረሜላ ሙቀትን ከሁሉም በላይ ይችላል፤ ችግሩ ቅርጹ ነው። ሙዝ የሚመስለው ፍሬ ጎባጣ ስለሆነ ሁለቱ ሲቆላለፉ መስፈሪያው አፍ ላይ ድልድይ ሠርተው ከላይ ያለውን ሁሉ ይይዛሉ። እጀታው ይዞራል፣ የሚወርድ ግን የለም። ቋቱ ውስጥ የሚያማስል ጠምዛዛ ሽቦ የሌለው ማሽን ካላችሁ ራንትስን እርሱት። የሚለጠጡትን፣ ቅርፊት የሌላቸውን የጄሊ ከረሜላዎች ደግሞ በየትኛውም ማሽን አትሞክሩ። ወይ ይጣበቃሉ ወይ እንደ ጠጠር ይደርቃሉ።

አሁን ስለ መስፈሪያው ልናገር፤ ብዙ ሰው የሚዘልለው ይህን ነው። የከረሜላ መስፈሪያ በአብዛኛው የሚጠብና የሚሰፋ ክፍል አለው፤ አንድ ዙር ስንት ፍሬ እንደሚያወርድ የምትወስኑት እዚያ ላይ ነው። እኔ አዲስ ከረሜላ ከመግባቱ በፊት ማሽኑን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ አሥር ጊዜ አዞራለሁ፤ የወረደውን እያንዳንዱን ለየብቻ በትንሽ ሚዛን እመዝናለሁ። የምፈልገው አማካዩን ብቻ አይደለም። አንዱ ዙር 10 ግራም፣ ቀጣዩ 20 ግራም የሚያወርድ ከሆነ አማካዩ ቢያምርም ከረሜላው ለመስፈሪያው አይሆንም ማለት ነው። 10 የደረሰው ልጅ 20 የደረሰውን ጓደኛውን አጠገቡ ቆሞ ያየዋል። ያ ልጅ ሁለተኛ ሳንቲም አያስገባም።

ክብደትና ብዛት ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውንም እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ነው የተማርኩት። አንድ የስኪትልስ ፍሬ ከ1 ግራም ትንሽ በለጥ ይላል። ውስጡ ለውዝ ያለው ኤም ኤንድ ኤምስ 2 ግራም ተኩል ገደማ ነው። እንግዲህ 15 ግራም ብትሰጡ ከመጀመሪያው 14 ፍሬ፣ ከሁለተኛው 6 ፍሬ መዳፍ ላይ ያርፋል። ለናንተ በሚዛን አንድ ናቸው። መዳፉን ዘርግቶ ለሚጠብቀው ልጅ ግን አንዱ ሙሉ እጅ ነው፣ ሌላው ጎዶሎ። ልጆች ሲገዙ ቆሜ አይቻለሁ፤ ከመብላታቸው በፊት ይቆጥራሉ። ስለዚህ ሕፃናት በሚበዙበት ቦታ ትንንሽ ፍሬ ያለውን፣ አዋቂዎች በሚበዙበት ተለቅ ያለውን አደርጋለሁ። ለውዝ የሚወድ አዋቂ ስድስት ፍሬ አያስከፋውም።

ቅርጽም የራሱ ሥራ አለው። እ.ኤ.አ. በ2004 በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ እነ ፖል ቼይኪንና ሳልቫቶሬ ቶርኳቶ ኤም ኤንድ ኤምስን ዕቃ ውስጥ እየሞሉ ፈትነው ነበር። እንዲሁ የተዘረገፉ ክብ ኳሶች የዕቃውን 64 በመቶ ገደማ ሲይዙ፣ ጠፍጠፍ ያሉት ኤም ኤንድ ኤምስ ግን 68 በመቶ ገደማ ይይዛሉ። ይህን ካነበብኩ በኋላ ነው አንድ ግራ ያጋባኝ ነገር የተፈታልኝ። መስፈሪያውን ሳልነካ ከክብ ከረሜላ ወደ ጠፍጣፋ በቀየርኩ ቁጥር ከረሜላው ካሰብኩት ቀድሞ ያልቅ ነበር። ሌባ ገብቶበታል ብዬ ቁልፍ እስከመቀየር ደርሻለሁ። ጠፍጣፋው በዚያው ክፍል ውስጥ ጠጋ ጠጋ ብሎ ስለሚገባ በየዙሩ ትንሽ እየጨመረ ይወርድ ነበር። ከረሜላ በቀየራችሁ ቁጥር መስፈሪያውን እንደገና አስተካክሉ፤ የድሮው ልክ ለአዲሱ አይሠራም።

ኳስ ማስቲካን የማይወድ ባለማሽን አላየሁም፤ እኔም ከነሱ አንዱ ነኝ። ቶማስ አዳምስ እ.ኤ.አ. በ1888 ኒው ዮርክ ውስጥ የባቡር መሳፈሪያዎች ላይ ያቆማቸው ማሽኖች የሚሸጡት ማስቲካ ነበር። እስከ ዛሬ አብሮን የቆየው ያለ ምክንያት አይደለም። 25 ሚሊሜትሩ ኳስ በካርቶን 850 ሆኖ ይመጣል፤ አንድ ዙር አንድ ኳስ ነው። 850 ኳስ ካስገባሁ 850 ሳንቲም መውጣት አለበት። ግምት የለበትም። ለቦታው ባለቤት ድርሻ ስትከፍሉ ወረቀቱን አሳይታችሁ ትከፍላላችሁ፤ ክርክር አይነሳም። ላይ ላዩ በሰም ስለሚወለወል አቧራ አይዝም፤ ሙቀትም ቶሎ አይረታውም። አንድ ነገር ብቻ ጠብቁ፤ መስፈሪያው ቀዳዳና የኳሱ መጠን ይገጣጠሙ። ርካሽ ነው ብዬ አነስ ያለ ኳስ ገዝቼ በትልቁ መስፈሪያ ስሞላ አንዳንዴ ሁለት ይወርዳል፣ አንዳንዴ ሁለተኛው ግማሽ ገብቶ እጀታውን ይቀረቅራል።

ከሁሉም በላይ ጠንቀቅ እንድትሉ የምፈልገው ስለ ለውዝ ነው፤ አለርጂ ያለበትን ሰው ክፉኛ ሊጎዳ ይችላልና።

አንድ ቀን አንድ ምግብ ቤት መውጫ ላይ ያለችውን ማሽን ስሞላ አንዲት እናት ልጇን እጁን ይዛ ቆመች። «ወንድሜ፣ ይሄ ለውዝ አለበት?» አለችኝ። በእጄ የያዝኩት ከረሜላ ለውዝ የለበትም ነበር። «የለበትም» ልል አፌን ከፍቼ ዝም አልኩ። ባለፈው ወር እዚያው ማሽን ውስጥ የነበረው የለውዝ ነበር። ቋቱን በጨርቅ ጠርጌዋለሁ፤ መስፈሪያውን ግን አልፈታሁትም። ብሩሹ ውስጥ ምን እንደቀረ አላውቅም። «እህቴ፣ ለዚህ ልጅ ከዚህ አትግዢለት» አልኳት። ልጁ አለቀሰ፤ እሷ ግን አመሰገነችኝና ሄደች። ማሽኑን ያንኑ ሰዓት ቆልፌ ወደ ቤት ይዤው ሄድኩ።

ከዚያ ቀን ወዲህ የለውዝ ማሽን የለውዝ ነው፤ ሌላ ነገር ፈጽሞ አይገባበትም። ባለ ሁለት ቋት ከሆነና መውረጃው አንድ ከሆነ ደግሞ ሁለቱም እንደ ለውዝ ይቆጠራሉ። ቋቱ ላይ የምለጥፈው ወረቀት የከረሜላውን ስም ብቻ የያዘ አይደለም። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የግብዓት ዝርዝርና «ለውዝ ሊኖርበት ይችላል» የሚለውን ማስጠንቀቂያ ቃል በቃል እገለብጣለሁ፤ የሞላሁበትን ቀንና ስልኬንም እጽፋለሁ። ካርቶኑን ሳላነብ የማውቀው ከረሜላ ነው ብዬ አልሞላም፤ ያው ስም ያለው ከረሜላ በሌላ ፋብሪካ ሲሠራ ማስጠንቀቂያው ሊለያይ ይችላል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ከ4 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ለውዝም ሆነ ክብ ጠንካራ ከረሜላ እንዳይሰጥ ይመክራል፤ ጉሮሮ ይዘጋልና። ስለዚህ ለጨቅላዎች መጫወቻ የተዘጋጀ ቦታ ማሽን አቁም ስባል አመስግኜ እተዋለሁ።

ቅርፊት የሌለው ቆሎ መሳይ የለውዝ ዘርም ሌላ ጣጣ አለው። ቅባቱ ቋቱን ያደበዝዘዋል፤ ሲቆይ ጠረኑ ይለወጣል። ጨው ያለበት ከሆነ ብረቱን ያዝጋል። በየሳምንቱ የማትደርሱበት ቦታ ላይ አታስገቡት።

ስለ ደንበኛው አጭር ነገር ልበል። አንድ ጋራዥ ውስጥ ያቆምኩት ማሽን ደብዛዛ ነበር፤ በወር የሚያወጣው ትራንስፖርቴን አይሸፍንም። አንድ ቀን የጋራዡ ባለቤት «ጋሼ፣ ምን ቢሆን ትወስዳላችሁ?» ብላቸው ሳቁና «ልጄ፣ እኛ ጣፋጭ አንወድም፤ የሚያቃጥል ነገር የለህም?» አሉኝ። ቀረፋ ቀረፋ የሚለውንና ምላስ የሚያቃጥለውን ሆት ታማሌስ አስገባሁ። በሚቀጥለው ወር ሳንቲሙ በሦስት እጥፍ ጨመረ። ያንኑ ከረሜላ ልጆች የሚበዙበት ቦታ ብሞክረው ማሽኑ ሥር ተተፍቶ አገኘሁት። ስለዚህ ከመሙላታችሁ በፊት እዚያ የሚውለውን ሰው ጠይቁ። ሰው ሲጠየቅ ደስ ይለዋል፣ ማሽኑንም የራሱ አድርጎ ይጠብቅላችኋል።

አንድ ሙከራ ልንገራችሁና ወደ መጠኑ ልለፍ። ድሮ ቋቱ ሲጎድል በአሮጌው ላይ አዲሱን እደፋ ነበር፤ ከሥር ስለሚወርድ አሮጌው ቀድሞ ያልቃል ብዬ። አንድ ጊዜ እውነቱን ለማየት ከሥር ቀይ ከረሜላ ብቻ፣ ከላይ ቢጫ ብቻ አድርጌ ሞላሁና ቤቴ አስቀምጬ አዞርኩት። መጀመሪያ ቀይ ወረደ። ቀዩ ገና ሳያልቅ ግን ቢጫ መውረድ ጀመረ። በብርጭቆው በኩል ሳይ መሃሉ እንደ ጉድጓድ ሰምጦ ከላይ ያለው በዚያ በኩል ይፈሳል፤ በግድግዳው ዙሪያ ያለው ቀይ ግን ንቅንቅ አላለም። ብዙ ዙር ካዞርኩ በኋላም ቀለበት ሠርቶ ቆሞ ነበር። በአሮጌው ላይ አዲስ ስደፋ ለስንት ወር ያው አሮጌ ከረሜላ ጥግ ላይ ተቀምጦ እንደከረመ ያኔ ገባኝ። አሁን ስሞላ ቋቱን ሙሉ በሙሉ ባዶ አደርጋለሁ፤ አጥቤ አደርቃለሁ። ካለፈው የተረፈው ደህና ከሆነ መሃል ላይ ይመለሳል፤ ከተጠራጠርኩ ይጣላል።

የምሞላው መጠንም የቋቱ ስፋት አይደለም የሚወስነው። ያ ቦታ በስድስት ሳምንት ስንት ዙር እንደሚያዞር ከደብተሬ አያለሁ፤ ያንን ብቻ እሞላለሁ። ሩብ ቋት ላይ የቀረ ከረሜላ የተረሳ ስለሚመስል ሰው አይገዛውም። ስለዚህ ቀስ ብሎ ለሚሸጥ ቦታ ትልቅ ቋት ከመውሰድ ትንሽ ቋት ያለው ማሽን ይሻላል፤ በትንሽ ከረሜላ ሙሉ ሆኖ ይታያል። ቀለሙ የተቀላቀለ ከረሜላም ከአንድ ቀለም ይልቅ ከሩቅ ይጣራል።

ደብተሩ ላይ ለእያንዳንዱ ማሽን የምጽፈው አምስት ነገር ነው፤ ቀኑ፣ የከረሜላው ዓይነት፣ የገባው ክብደት፣ የወጣው ሳንቲም፣ የደፋሁት ክብደት። የመጨረሻውን ሰው አይጽፈውም። እኔም ሁለት ዓመት አልጻፍኩትም። መጻፍ ስጀምር ግን በኪሎ ርካሽ ብዬ የምኮራበት አንድ ከረሜላ ከገባው ሩብ ያህሉ እየተደፋ እንደነበር አየሁ። በኪሎ ውድ የሆነው ግን እስከ መጨረሻው ፍሬ ይሸጥ ነበር። ስሌቱን በገዛችሁት ኪሎ ሳይሆን በተሸጠው ዙር ሥሩት።

አዲስ ቦታ ስጀምር አንድ ካርቶን ሙሉ አልገዛም። ባለ ሁለት ቋት ማሽን ካለኝ በአንዱ ኳስ ማስቲካ፣ በሌላው የምፈትነውን ከረሜላ በትንሹ አደርጋለሁ። ማስቲካው የቦታውን እንቅስቃሴ ይነግረኛል፤ እሱ ከሸጠና ከረሜላው ከቆመ ጥፋቱ የከረሜላው ነው። ሁለቱም ከቆሙ ቦታው ነው። አራት ሳምንት እሰጠዋለሁ፤ አንድ ነገር ብቻ እቀይርና ሌላ አራት ሳምንት እጠብቃለሁ። ከረሜላውንም ቦታውንም ባንድ ጊዜ የቀየረ ሰው የትኛው እንደረዳው ማወቅ አይችልም።

ያቺ የመጀመሪያዋ ማሽን እስከ ዛሬ ፀጉር ቤቱ ውስጥ አለች። ከመስኮቱ አንስቼ ወረፋ መጠበቂያው ወንበር አጠገብ፣ ጥላው ውስጥ አቆምኳት። ስኪትልስ ነው የያዘችው፤ በየአምስት ሳምንቱ አጥቤ እሞላታለሁ። እትዬም ስደርስ ክዳኑን ራሳቸው ከፍተው አንድ ጭብጥ ወስደው ጨብጠው ይቆጥራሉ፤ ቀለም ካልለቀቀ ራሳቸውን ነቅንቀው ይመልሱታል።